ብል የበላው ዘፈን

አንድ የጥጥ ፋብሪካ ነበር፤ ከአንድ ትንሽ ከተማ ጫፍ፣ ወንዝ ዳር። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ስለዚህ አንዳንዱን ዝርዝር አዛብቼ ይሆናል። የአዳራሹ ወንበር ሦስት መቶ ነበር ወይስ አራት መቶ፣ የእንግዳው መኪና ነጭ ነበረች ወይስ ግራጫ፣ ማል ብትሉኝ አልምልም። ማን ምን እንዳለ ግን አልረሳሁም። ልርሳው ብዬም አልሆነልኝም።

ፋብሪካው በፈረቃ ይሠራ ነበር። ሸማኔዎቹ ወንዶች ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብተው ከቀኑ አሥር ሰዓት ይወጣሉ። ፈታዮቹ ሴቶች በአሥር ሰዓት ገብተው ሌሊት ስድስት ሰዓት ይወጣሉ። ሌላም ፈረቃ ነበረ፤ ለዚህ ታሪክ ግን እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ማሽኑ እሑድም አይቆምም። ስለዚህ ወንዶቹና ሴቶቹ በአንድ ግቢ ለዓመታት ሠርተው የሚተያዩት በር ላይ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ።

በዚያ ፋብሪካ የሠራተኞች ኪነት ቡድን ነበር። ከመካከላቸው በሙያው የተማረ አንድም ሰው የለም። ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የሚዘፍኑ፣ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። መሪያቸው ጋሽ መርሻ ይባላል። የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል። ሠላሳ ዓመት የጥጥ ብናኝ ሲስብ ኖሮ ሳንባው ታሟል። ሦስት ቃል ይናገርና ያርፋል፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ቃል። እኔ በዚያ ቡድን የመጋረጃውን ገመድ የምስብ ሰው ነበርኩ። ድምፅ የለኝም፤ መልክም የለኝም። ገመድ መሳብ ግን እችላለሁ። ስሜን ትተው "ባለገመዱ" ይሉኝ ነበር።

ጋሽ መርሻ አንድ ሙዚቃዊ ድራማ ጻፈ። ወንዝ ያለያያቸው የሁለት መንደሮች ታሪክ ነው። የወዲህ ማዶ ሰዎች ወንዶቹ ናቸው፣ የወዲያ ማዶ ሰዎች ሴቶቹ። ሁለቱ መንደሮች ድራማውን ሙሉ በወንዙ ላይ ሲሰዳደቡ ይቆያሉ። በመጨረሻ ድልድይ ይሠራል፣ መሃሉ ላይ ይገናኛሉ፣ አንድ ዘፈን አብረው ይዘፍናሉ። ሁሉ ነገር ያለው በዚያ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ነው።

ልምምዱ ስምንት ወር ፈጀ። በስምንት ወር ውስጥ ግን ወንዶቹና ሴቶቹ አንድም ቀን አብረው አልተለማመዱም፤ ፈረቃው አይፈቅድም። ሴቶቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ድርሻቸውን ይለማመዳሉ። ወንዶቹ ከአሥር ሰዓት በኋላ ጥጥ በጥጥ እንደሆኑ መጥተው ድርሻቸውን ይለማመዳሉ። ሁለቱንም የሚሰማው ጋሽ መርሻ ብቻ ነበር። እርግጥ እኔም ገመዱ ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር፤ ግን የሰማሁትን አልገጣጠምኩትም። እሱ ጠዋት የሰማውን ከማታው ጋር በጭንቅላቱ ይገጥመዋል።

የመጨረሻው ዘፈን ለብቻው ሲሰማ ያስቅ ነበር። ወንዶቹ "ድንጋይ ከእኛ" ይሉና አራት እስኪቆጠር ዝም ይላሉ። እንደገና ይጀምሩና እንደገና ዝም ይላሉ። ከወንዶቹ መካከል ዘርጋው የሚባል ቀልደኛ ሸማኔ ነበር፤ ዋናውን ወንድ የሚጫወተው እሱ ነው። አንድ ቀን መሃል ላይ አቋረጠ።

"ጋሽ መርሻ፣ ይህን ዘፈንህን ብል በልቶታል እንዴ? እኛ እኮ አፋችንን ከፍተን ስንቆም ዝንብ ሊገባብን ነው።"

"ቁጠር" አለው ጋሽ መርሻ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እሱ የሴቶቹ ቦታ ነው።"

"ሴቶቹስ የታሉ?"

"ፈትል ክፍል ናቸው።"

"እንግዲያው ለሌለ ሰው ነዋ ቦታ የምንለቀው።"

ጋሽ መርሻ ትንፋሹን ሰበሰበና "አንተ ሸማኔ አይደለህም? ድር ብቻውን ጨርቅ ሆኖ አይተህ ታውቃለህ?" አለው። ሁሉም ሳቁ። ዘርጋው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቱ ጭኑን እየመታ ይቆጥር ነበር።

ሴቶቹም እንደዚሁ ያጉረመርሙ ነበር። የእነሱ መሪ ይርገዱ ትባላለች። የሁለት ልጆች እናት ነች፤ ድምጿ እንደ ደወል፣ ምላሷ እንደ መቀስ ነው። "ጋሼ፣ እኛ የምንመልሰው ለማን ነው? ጥያቄው ሳይመጣ መልስ የሚሰጥ እብድ ነው" ትለዋለች። እሱም "ታገሺ፤ ጥያቄው አሥር ሰዓት ላይ ከሽመና ክፍል ይወጣል" ይላታል።

እውነትም ይወጣ ነበር። በር ላይ ወንዶቹ ሲወጡ፣ ሴቶቹ ሲገቡ፣ ዘርጋው በሰልፉ መሃል "ድንጋይ ከእኛ" ብሎ ይጥላል። ይርገዱ ፊቷን ሳታዞር "እንጨት ከእኛ" ብላ ትመልሳለች። "አንተ ግን ድንጋዩን አስቀምጥና ፊትህን ታጠብ፤ ፍየል መስለሃል" ትጨምርበታለች። ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረም። ጥበቃው ሰልፍ አታበላሹ ይላል፤ በሩ ይዘጋል። አንድ ቀን ጋሽ መርሻ በር ላይ ቆሞ እነዚያን ሁለት መስመሮች ተከታትለው ሲወጡ ሰማ። ያን ቀን ማሽን ሥር ተንጋሎ ብሎን እየፈታ እንኳ ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ ዘፈን ውስጥ ተገጥሞ የሰማው እነዚያን ሁለት መስመሮች ብቻ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሌላውን በጆሮው አልሰማውም።

ስምንተኛው ወር ሲደርስ ጋሽ መርሻ አኮርዲዮኑን መዘርጋት አቃተው። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ በዋናው ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ላከው። የክሊኒኩ መኪና ወደዚያ የምትሄደው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ በአሥር ሰዓት ነው። አንዱን እሑድ አልሄድም ብሎ አሳለፈው። ነርሱ ተቆጣ፤ "በሚመጣው እሑድ ካልሄድክ እኔን ተጠያቂ እንዳታደርገኝ" አለው። የሚመጣው እሑድ ደግሞ ድራማው የሚታይበት ቀን ነበር።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ፈቅዶ ነበር። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ወንዶቹን የሚተኩ ሰዎች ማሽኑ ላይ ይቆማሉ። ሴቶቹ በአሥር ሰዓት የግድ ይገባሉ። ጋሽ መርሻ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ገመዱ አጠገብ ተቀምጦ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። "በስምንት ይጀመራል። የመጨረሻው ዘፈን ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። አምስት ደቂቃ ይተርፈኛል። በአሥር መኪና ውስጥ ነኝ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያድርጉኝ።"

አሁን ስለ አቶ ንጋቱ ልናገር። አቶ ንጋቱ የአስተዳደር ክፍል ኃላፊና የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን በሚገባ መናገር አለብኝ። የስድስት ልጆች አባት ነው። ለቅሶ አይቀርም፣ ሰው አይሳደብም። ጥንቁቅ ሰው ነበር። ለዚያ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሹም በክብር እንግድነት ተጠርተው ነበር። በዚያ አገር ደግሞ የክብር እንግዳው ሳይቀመጥ መጋረጃ አይከፈትም። ይህ የትም ተጽፎ አላየሁም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እሑድ ደረሰ። ከስምንት ሰዓት በፊት አዳራሹ ሞላ። ከፊት ሦስት ሶፋዎች ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል። በጠረጴዛው ላይ አበባና የተገለበጠ ብርጭቆ አለ፤ ሶፋዎቹ ላይ የተቀመጠ የለም። ከኋላቸው ሰዉ ልጆቹን ታቅፎ ተጨናንቋል። ከመጋረጃው ጀርባ ወንዶቹና ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ቆሙ። ይርገዱ ዘርጋውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በር ላይ ሳይህ ረጅም ትመስለኝ ነበር" አለችው።

"ሰልፍ ላይ እንጠራራለሁ" አላት። "አንቺ ግን በሩቅም በቅርብም ያው ነሽ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቁጡ።"

ሁሉም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ መርሻ ጋቢ ለብሶ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ከአዳራሹ ጀርባ ቆማለች። ሹፌሩ ኢያሱ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው፤ በጎማው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ እንግዳው አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ ሊቀበላቸው አበባ ይዞ በከተማው መግቢያ እስካለው ድልድይ ድረስ ሄዶ ነበር። ስምንት ተኩል ሆነ። አቶ ንጋቱ በመጋረጃው ጥግ ብቅ እያለ "አሁን ይደርሳሉ፤ ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ" ይላል። በተናገረ ቁጥር የደረት ኪሱን በመዳፉ ይነካል። ልቡን ያመዋል ብዬ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይርገዱ ወደ ጋሽ መርሻ መጥታ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ እዚሁ ከመጋረጃው ጀርባ የመጨረሻውን ቀስ ብለን እንዝፈንልህ። ሕዝቡ ባይሰማን አንተ ትሰማናለህ።"

የጋሽ መርሻ ፊት እንደ ልጅ ፊት ሆነ። ወንዶቹና ሴቶቹ ተጠጋጉ። ዘርጋው በጣቱ ጭኑን መታ። "ድንጋይ…" ብለው በለሆሳስ እንደ ጀመሩ ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ።

አቶ ንጋቱ እየሮጠ መጣ። "መጡ፣ መጡ! ዝም በሉ! በየቦታችሁ!"

ሁሉም በየቦታው ደርቆ ቆመ። እኔም ገመዱን ጨበጥኩ። ቆየን። አንድ ሰው በሩን አይቶ ተመለሰና "ጥጥ የጫነ የጭነት መኪና ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ማንም እንደገና እንጀምር አላለም። አቶ ንጋቱም "ለሳቸው የተዘጋጀ ነገር እንዴት በሹክሹክታ ያልቃል? ደግሞ ሲገቡ ቢሰሙንስ?" ብሎ ተናገረ። ይርገዱ "ለሳቸው ነው እንዴ የተዘጋጀው?" ብላ ጠየቀች።

ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ድራማ በሰዓቱ እንደማያልቅ ያን ጊዜ ሁላችንም አውቀናል። የመጨረሻው ዘፈን ግን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ጋሽ መርሻ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ገመዱ ከባድ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ ቀላል ነው፣ ጋሼ።"

"ተጣብቋል?"

"አልተጣበቀም።"

"እንግዲያው ምን ያዘህ?"

"አቶ ንጋቱ እንዳልከፍት አዝዞኝ ነው።"

"እሱንስ ማን አዘዘው?"

አላውቅም ነበር። ጋሽ መርሻ እጁን አንሥቶ ገመዱን ነካው፤ እንደታመመ ነገር ዳሰሰው። ጉልበት ቢኖረው ይስበው ነበር። እኔ ጉልበት ነበረኝ። ወደ አቶ ንጋቱ አየሁ። አቶ ንጋቱ ወደ በሩ ያያል።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያው ሳይረን ጮኸ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ "እንቆይ" አለች፤ ሌላዋ "ማን ይፈቅድልናል? ሥራ አስኪያጁ ድልድይ ላይ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ቆዩ ብሎ ማዘዝ የሚችለው ሰው ታላቁን እንግዳ ሊቀበል ሄዷል። ይርገዱ እስከ መጨረሻው ቆመች። ሁለተኛው ሳይረን ሲጮህ የመድረክ ሻሿን ፈታች፣ አጣጥፋ በርጩማ ላይ አኖረችው፣ የሥራ ካፖርቷን ለበሰች። ጋሽ መርሻ ፊት ቆማ "ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፤ የልጆቼ እንጀራ ነው" አለችው።

"ሂጂ" አላት። "ቆጥረሽ ግቢ።"

ሴቶቹ በጓሮ በር ወጡ። አዳራሹም ተንኮሻኮሸ፤ የማታ ፈረቃ ሠራተኞች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ኢያሱ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየና "ጋሽ መርሻ፣ ትንሽ ልታገስ እችላለሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን" አለ። ጋሽ መርሻ ግን ተነሣ።

"ምን ልሰማ?" አለ። "ግማሹን እንደሆነ ስምንት ወር ሰምቼዋለሁ።"

ዘርጋውና እኔ ደግፈን መኪናው ውስጥ አስገባነው። ጋቢውን ስናለብሰው አንድም የቁጣ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

የክብር እንግዳው አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደረሱ። መኪናቸው ከከተማው መግቢያ ላይ ከክሊኒኩ መኪና ጋር ሳትተላለፍ አልቀረችም። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። እሳቸው ሶፋው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የተዘጋውን መጋረጃ አዩ፤ ቀጥሎ ባዶ ወንበሮቹን አዩ።

"ገና አልጀመራችሁም?" አሉ። "እኔ እኮ ጠዋት ስልክ አስደውዬ 'መንገድ ላይ እቆያለሁ፣ እኔን አትጠብቁ፣ በሰዓታችሁ ጀምሩ' ብዬ ነበር።"

አቶ ንጋቱ ጎንበስ ብሎ "መልእክትዎ ደርሶናል፣ ጌታዬ" አለ። "ግን እርስዎ ሳይኖሩ እንዴት አድርገን…"

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተቸገራችሁ፣ ምነው" አሉ። ሲናገሩ ግን ፊታቸው ላይ ትንሽ ደስታ አየሁ። ይህን ስጽፍ ሰው እንዳልበድል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አዎ፣ ደስታ ነበር።

ገመዱን ሳብኩ። መጋረጃው በአንድ ሰው ጉልበት ብቻ ተከፈተ።

ወንዶቹ ብቻቸውን ተጫወቱ። ዘርጋው ነጠላ ተከናንቦ የሴቶቹንም ቃል እየቀያየረ ተናገረ፤ ሰዉ ሳቀ፣ እንግዳውም ሳቁ። የተጻፈው ለሳቅ አልነበረም። ከዚያ የመጨረሻው ዘፈን መጣ። ወንዶቹ "ድንጋይ ከእኛ" አሉና እንደተማሩት ዝም ብለው አራት ቆጠሩ። እንግዳው ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አዳራሹም አብሮ አጨበጨበ። ወንዶቹ ቀጠሉ፤ እንደገና ዝም አሉ። እንደገና ተጨበጨበ። ሴቶቹ በሚመልሱበት ቦታ ሁሉ ጭብጨባ ገባበት። ዘርጋው ነጠላውን ከራሱ አውርዶ ነበር፤ በጣቱ ጭኑን እየመታ እንባው ይወርድ ነበር። ሕዝቡ ጥሩ ተዋናይ ነው አለ።

በንግግራቸው ላይ እንግዳው "በተለይ አጨራረሱን ወድጄዋለሁ። ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ቦታ ቦታ መተዋችሁ ጥሩ ዘዴ ነው" አሉ።

ይርገዱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጀምረው ይሆናል ብላ በገመተችው ሰዓት ማሽኗ ላይ ቆማ ድርሻዋን ዘፍናው ነበር። ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችውም።

ሰዉ ከወጣ በኋላ አቶ ንጋቱን ወንበር ሲያስተካክል አገኘሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለአለቃ ጥያቄ አቅርቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን "መልእክቱ መቼ ነው የደረሰዎት?" አልኩት። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የስልክ ቤቷ ልጅ የጻፈችው ነው። ሰዓቱም አለበት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል።

"ታዲያ ለምን አላሳዩንም?"

"አየህ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ትልቅ ሰው አትጠብቁኝ ሲል ለትሕትና ነው። ጠብቁኝ ማለቱ ነው። ጀምረን ቢያገኙን፣ በአፋቸው ምንም አይሉም፤ በልባቸው ግን ይይዙታል። እኔ ስድስት ልጅ አለኝ።"

"ባይዙትስ ኖሮ?"

ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። "አንተ ብታነበው ትከፍተው ነበር?" አለኝ።

መልስ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ከሁለት ወር በኋላ አቶ ንጋቱ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ እንግዳ አክባሪ ሰው ነው ተብሎ ተጽፎለታል። ኪነት ቡድኑ ተበተነ ሲባል ሠራተኛው ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ያ ዘፈን እስከ ዛሬ ሙሉውን ተዘፍኖ አያውቅም። ጋሽ መርሻ ዜማውን የጻፈበት ደብተር የት እንደገባ አላውቅም። የሴቶቹን ግማሽ የሚያስታውሱ ሴቶች አሉ፤ የወንዶቹን የሚያስታውሱ ወንዶች አሉ። ሁሉም አርጅተዋል፤ በየቤታቸው ናቸው።

ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግር "ጥፋቱ የትልቁ ሰውዬ ነው" ይሉኛል። እኔም እንደዚያ ቢሆን እመርጥ ነበር። ትልቁ ሰውዬ ግን ጀምሩ ብሎ ነበር። ሰው ሁልጊዜ ሌላ አስሮት አይታሰርም። አንዳንዱ ተፈትተሃል ሲሉት "ለትሕትና ነው" ብሎ ቋጠሮውን በገዛ እጁ ያጠብቃል፤ ይህንንም ጨዋነት ይለዋል፤ ይሾምበታልም። ያልመጣውን ስናከብር የመጣውን ባዶ እጁን እንሸኛለን። ደግሞ ፍርሃት ያዘዘውን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይፈጽመውም፤ አንዱ ወረቀቱን በኪሱ ይይዛል፣ ሌላው ገመዱን በእጁ ይይዛል። ወረቀቱን ያላየ ሰው ምክንያት አለው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ገመዱ ቀላል መሆኑን አውቅ ነበር። አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ በእጅህ ይዘህ የቆምከው ገመድ እንዳትስበው ማን ከልክሎህ ነው? ጠይቀህ ታውቃለህ?

ስለ ጋሽ መርሻ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት ነው። ኢያሱ ሹፌሩ ከሆስፒታሉ ሲመለስ በር ላይ አገኘኝ። ጋሽ መርሻ አልጋው ላይ ሆኖ "ተከፈተ ወይ?" ብሎ እንደጠየቀው ነገረኝ። ኢያሱ "ተከፈተ" አለው። "ሁለቱ ግማሽ ገጠመ?" አለው። ኢያሱ ዝምተኛ ሰው ነው፣ መዋሸትም አይሆንለትም፤ ያን ቀን ግን "ገጠመ" አለው። ጋሽ መርሻ ዓይኑን ጨፈነና በአንድ ጣቱ የአልጋውን ብረት አራት ጊዜ መታ። ቀጥሎ ዝም አለና እንደሚሰማ ሰው ጆሮውን አቀና። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የነገረኝ የለም።